የ6 ወሩ የኤሌክትሪሽያን ሥልጠና፦ ክፍሉም ጥሩ፣ ሳይቱም ጥሩ፣ መሃሉ ግን ባዶ

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ይቺን ቁጥር ለማስቀመጥ ብዙ ተመላልሻለሁ። የጨረስኩ ሰሞን ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ 5 እሰጥ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ብትጠይቁኝ ደግሞ 1 ሰጥቼ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብዬ እጨቃጨቅ ነበር። አሁን ዓመት አልፎኛል። ሞቅታውም ንዴቱም በርዷል፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም። ሌላ ቦታ ከተማሩ ልጆች ጋር ሳወራ ሁሉም ተመሳሳይ ታሪክ ነው የሚነግረኝ፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማማት ደስ አይልም።

ሥልጠናው 6 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ክፍል ውስጥ፣ አራተኛው ወር ወርክሾፕ፣ የቀሩት 2 ወራት ደግሞ ሳይት ላይ ከአንድ ባለሙያ ሥር ተለማማጅ ሆኖ መሥራት። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ስመዘገብ ያየኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቲዎሪ ነው የሚበዛው ፕራክቲካል?» ፕራክቲካል የሚበዛበት ይሻላል ተብሎ ስለሚታመን ነው። እኔም እንደዛው ነበር የማስበው። አሁን ጥያቄው ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ክፍሉ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ቀመር ደርድሮ የሚወጣ ዓይነት ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ቀን የኦምን ሕግ ጻፈና «ይሄን ሰውየው ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፣ የምትኖሩበት ግን እናንተ ናችሁ» አለን። ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ። በቃ። ከዛ ወዲያው ወደ ዕቃ ገባ። 3000 ዋት የውሃ ማሞቂያ 230 ቮልት ላይ ስንት አምፒር ይስባል? አካፍሉት፣ 13 ይመጣል። ለዚህ ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ትስቢለታለሽ ወይስ 2.5? ሽቦው ረጅም ቢሆንስ? ቱቦ ውስጥ ከሌሎች አምስት ሽቦዎች ጋር ተጣቦ እየሞቀ ቢሆንስ? እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የወሰደን።

ከዛ ክፍል ይዤ የወጣሁት ትልቁ ነገር ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አለመሆኑ ነው። ይሄን ስንት ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ያደናግረዋል። ሰው ከ10 ሚሊአምፒር አካባቢ ጀምሮ ጡንቻው ይኮማተርና የያዘውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል። 16 አምፒር ብሬከር ማለት የዛ 1600 እጥፍ ነው። ሰውየው ሽቦው ላይ ተጣብቆ ሲንቀጠቀጥ ብሬከሩ ከነመኖሩም አያውቅም። ሰውን የሚያድነው አርሲዲ ነው። በፌዝ፣ ማለት በሚያመጣው ሽቦ፣ የሄደው ከረንትና በኒውትራል፣ በመመለሻው ሽቦ፣ የተመለሰው እኩል መሆናቸውን እየቆጠረ፣ 30 ሚሊአምፒር የሚሆን ወደ ሌላ ቦታ ካፈተለከበት ይቆርጣል። መምህሩ ይሄን ያስረዳን በአንድ ስዕልና በሁለት ቀስት ነው። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ምኑ ነው ቅር ያለሽ? በሉኝ። 3 ወር ሙሉ አንዲት ሽቦ በእጄ አልያዝኩም! ስለ መጠኑ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ልባሱ ሁሉን አውቃለሁ፣ ሲታጠፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አላውቅም። በሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜ እሥል ነበር። ፈተናው ላይ 92 አምጥቻለሁ። ያቺን 92 ይዤ ሳይት ላይ የደረሰብኝን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንቅልፉ አይጣል ነው፤ ስለ ትራንስፎርመር የተማርነው ግማሹ እኔ ጋ የለም።

ወርክሾፑ። እዚህ ላይ ነው ኮከቡ የወደቀው።

ወርክሾፕ ማለት በኮምፔንሳቶ የተሠራ ግድግዳ ነው። ለአራት ሰው አንድ ግድግዳ ደረሰን። ሁሉም ነገር ወገብ ከፍታ ላይ ነው፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ሽቦው አዲስ፣ ብሎኑ አዲስ፣ ቱቦው ባዶ። ሥዕል ይሰጠናል፣ እንዘረጋለን፣ አሠልጣኙ ይመጣል፣ ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋል። ከበራ አለፍሽ። ካልበራ ፈልጊው። በቃ ይሄ ነው መመዘኛው።

እጅ በማፍታታት በኩል ግን ሐቁን እናገራለሁ፣ ጠቅሞኛል። አንድ ቀን ሽቦ በቢላዋ ስልጥ አሠልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ምንም አላለም። የላጥኳትን ሽቦ ተቀበለኝና መዳቧን ወደ ግራ አጠፋት፣ ወደ ቀኝ አጠፋት፣ ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ጠጋ ብዬ ሳየው ቢላዋው መዳቧ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጭረት ትቶ ኖሯል። ከዛ እሱ በመላጫ ፒንሳ አንዷን ላጠና ሰጠኝ፤ አጠፍኳት፣ አጠፍኳት፣ እጄ ደከመ እንጂ አልተሰበረችም። ጭረት ያለባት ሽቦ ሶኬት ውስጥ ገብታ ብሎን ሲጠብቅባት እዛች ጭረት ላይ ትቆረጣለች፣ ወይም ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ይቀርና ትግላለች። ይሄን ክፍል ውስጥ 10 ሰዓት ቢያወሩልኝ አይገባኝም ነበር። የተላጠው ርዝመትም እንደዚሁ ነው። መዳቡ ከማገናኛው ውጪ እንዳይታይ፣ ብሎኑም ልባሱን እንዳይነክስ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ናት ልዩነቷ፣ እጅ ካልለመዳት ዓይን ብቻውን አያያትም።

ግን «ከበራ አለፍሽ»! ለ18 ሠልጣኝ አንድ መልቲሜትር ነው የነበረው። አንድ። እሱም ባትሪው ያለቀበት ሳምንት ነበር። የሽቦ ልባስ መለኪያው፣ ሜገር የሚሉት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። «ውድ ዕቃ ነው» ይሉናል። ሁለት ጊዜ አውጥተው ከሩቅ አሳዩን፣ እንደ ቅርስ። አንድም ቀን አልነካሁትም። አርሲዲ መሞከሪያማ ስሙን ነው የሰማሁት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ መብራቱ ይበራል፣ እናጨበጭባለን፣ ወደ ሚቀጥለው ሥዕል እናልፋለን።

ከዛ ሳይት ወጣሁ። የተመደብኩበት ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው፣ እሱም ልጄ ነው የሚለኝ። እጁ ጉድ ነው! ብሎን ሲያጠብቅ ምን ያህል እንደጠበቀ በካቻቪቴው ስሜት ያውቃል። ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ሽቦዋን ይዞ ጎተት ያደርጋታል፣ ሁሌም፣ አንዲትም ሳትቀር። ሽቦ ስስብ ሳያየኝ ከድምፁ ብቻ «ቱቦው መታጠፊያ ላይ ይዞሻል፣ ወደ ኋላ መልሺውና አዙሪው» ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግድግዳ ስፈለፍልና ሽቦ ስጎትት ነው የከረምኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ቅር አላለኝም፤ ቱቦ ውስጥ ያለውን መታጠፊያ በእጅ ያየ ሰው ሁለተኛ አራት መታጠፊያ ያለበት መስመር አይዘረጋም።

92 ያመጣሁበት ያ በሁለት ቦታ የሚበራ መብራት ደግሞ ጉድ አደረገኝ። አሮጌ ቤት ነው። ሳጥኗን ስከፍት ከአንድ ቱቦ አምስት ሽቦ ወጣ። አምስቱም ጥቁር። ሥዕሌ ላይ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ነበር። በአሮጌው የእንግሊዝ ሥርዓት ጥቁር ኒውትራል ነው፣ በአሜሪካኖቹ ደግሞ ጥቁር ፌዝ ነው፣ ይሄን ሁሉ ተምሬያለሁ፣ አምስት ጥቁር ሽቦ ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሎ ግን የትኛው የት እንደሚሄድ የሚነግረኝ ቀለም የለም። አንዱን ጫፍ ለይቶ፣ ሌላውን ጫፍ ሄዶ፣ በመለኪያ አንድ በአንድ እያጮሁ መለየት ነው የሚያስፈልገው። ጋሼ 10 ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ብቻዬን ብሆን እስከ ማታ እዛው ነኝ።

የጋሼ ችግር «ለምን» የሚባል ጥያቄ አይወድም። አንድ ቤት ጠሩን፤ ሶኬቱ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይሸታል፣ ብሬከሩ ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ጋሼ ከፈተው፣ አየው፣ «ላልቶ ነው» አለ። የጠቆረውን መዳብ ቆርጦ ጥሎ አዲስ ላጠና አዲስ ሶኬት ገጠመ። 15 ደቂቃ። «ጋሼ፣ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» አልኩት። «ለእንዲህ ያለው አይወርድም» አለኝ። አለቀ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ሙቀት ማለት ከረንቱ በራሱ ሲባዛ፣ ከዛ በሬዚስታንሱ ሲባዛ። የላላ ማገናኛ ግማሽ ኦም አለው ብንል፣ ዕቃው 10 አምፒር ይስባል ብንል፣ 10 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በግማሽ 50 ዋት። 50 ዋት ማለት የብየዳ ካውያ ነው! ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ፕላስቲክ አቅፎት፣ ዕቃው በሠራ ቁጥር አንድ ካውያ ተሰክቶ እየጋለ ነው። ብሬከሩ ደግሞ የሚያየው 10 አምፒር ብቻ ነው። ለ16 የተሠራ ዕቃ በ10 ምን ብሎ ይወርዳል? ደብተሩን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀመሩ 3 ወር ሙሉ እዛው ደብተሬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የሸተተ ሶኬት ነው የቀሰቀሰው። ጋሼ ያቺን ሽቦ ሁልጊዜ ለምን ጎተት እንደሚያደርጋትም ያን ማታ ነው የገባኝ።

እዚህ ጋ ሲደርስ ሰው «በቃ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ጋሼ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ብቻዬን ነኝ። ብሬከሩን አውርጃለሁ። መልቲሜትሬን ሽቦው ላይ ሳደርግ 64 ቮልት ይላል። ብሬከር ወርዶ 64 ቮልት! ወደ ቦርዱ ሄጄ አየሁ፣ ወርዷል። ተመልሼ ለካሁ፣ አሁንም 64። እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ሲመጣ ነገርኩት። «መለኪያሽ ተበላሽቷል» አለኝና በእጁ ጀርባ ሽቦዋን ነካ አደረጋት። እውነቴን ነው፣ በእጁ ጀርባ! ምንም አልሆነም። እኔ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እንደዛ ነው የሠራው፤ አንድ ቀን ያቺ ሽቦ የሞተች ሳትሆን ብትቀር ግን ያ ዕድሜ ሁሉ አያድነውም።

ማታ ለመምህራችን ደወልኩለት። ሳቀ። «የሙት ቮልቴጅ ነው፣ መለኪያሽ ደህና ነው» አለኝ። የጠፋችው ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ በርከት ላለ ሜትር ኤሌክትሪክ ካለባት፣ ከበራች ሽቦ ጎን ለጎን ከሄደች፣ ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ካፓሲተር ይሆናሉ። ዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ሬዚስታንሱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ነው፣ ምንም አይስብም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ያቺን ፍንጥቅጣቂ እንደ ቮልቴጅ ያነባታል። ትንሽ ከረንት የሚስብ ቴስተር ብታደርጊበት ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። «ግን» አለኝ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ «የሙት ነው ብለሽ ገምተሽ እንዳትነኪ። መጀመሪያ ቴስተርሽን የበራ መሆኑን የምታውቂው ሽቦ ላይ ሞክሪው፣ ከዛ የምትሠሪውን ለኪው፣ ከዛ ተመልሰሽ የበራው ላይ ሞክሪው። በመሃል ቴስተርሽ ቢሞትስ?»

«ቲቸር፣ ይሄን ለምን ክፍል ውስጥ አልነገሩንም?» አልኩት።

«ነግሬያችኋለሁ» አለኝ። «በአራተኛው ሳምንት። ጽፈሽዋል።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ጽፌዋለሁ። ሁለት መስመር። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ያኔ እሱንም መውቀስ አልቻልኩም፣ ራሴንም። ቴስተር ይዞ ለማያውቅ ሰው ሦስቴ መለካት የሚባለው ነገር ደብተር ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው ብሬከር አውርዶ «አሁን መሞቱን አረጋግጪልኝ» ቢለኝ ኖሮ እጄ ያስታውሰው ነበር።

1 ኮከብ ልሰጥ የነበረው ከዚህ በኋላ በሆነው ነው። የአንድ ክፍል መብራት ልንቀይር ነው። አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ ብሬከር አወረድኩ፣ ቴስተሬን ሞከርኩ፣ ፌዙን ለካሁ፣ ሞቷል፣ ቴስተሬን መልሼ ሞከርኩ። አሪፍ። ሳጥኗን ከፍቼ ኒውትራሎቹ የተቋጠሩበትን ፈታሁ። ወዲያው ከወዲያኛው ክፍል «ኧረ መብራት ጠፋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በዛው ቅጽበት ነዘረኝ። እጄ እስከ ክርኔ ደነዘዘ። መሰላሉ እንጨት ስለነበር ይመስለኛል የከፋ ነገር ያልደረሰብኝ። ቤቱ አሮጌ ነው፣ አርሲዲ የለውም።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? የሁለት ክፍል መብራት አንድ ኒውትራል ይጋራል። ቀድሞ የሠራው ሰው ሽቦ ለመቆጠብ ነው። የእኔን ብሬከር አውርጃለሁ፣ የወዲያኛው ክፍል ግን በሌላ ብሬከር እየሠራ ከረንቱን የሚመልሰው በዚችው በእኔ ኒውትራል ነው። ቋጠሮውን ስፈታው መመለሻው ተቆረጠ። ከመብራቱ የሚመጣው ጫፍ በአንዴ የፌዝ ያህል ሆነ። ኒውትራል ስለሆነ ማንም አይለካውም፣ ብለካውም ቋጠሮው ሳይፈታ ዜሮ ነው የሚለኝ። ከመፍታቴ በፊት ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦ አቅፎ ከረንቱን የሚያነበውን መለኪያ፣ አቅፌበት ቢሆን ግን ከረንት እየሄደበት እንደሆነ አየው ነበር።

ጋሼ እጄን አሻሸልኝና «ለዚህ ነው እኔ በአሮጌ ቤት ዋናውን የማጠፋው» አለኝ። ያውቃል! ያውቃል፣ ያደርገዋልም፣ ግን አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም፣ ምክንያቱም ለእሱ ልማድ እንጂ ትምህርት አይደለም። መምህሩም ያውቃል፣ ኒውትራል ከረንት ይሸከማል ብሎ አስተምሮኛል። አንደኛው አውቆ ይናገራል፣ ሌላኛው ሳይናገር ያደርጋል። እኔ ደግሞ መሃላቸው ነዘረኝ።

ለዚህ ነው «ቲዎሪ ነው የሚበዛው ፕራክቲካል?» የሚለውን ጥያቄ የማልወደው። የኔ ሥልጠና ሁለቱም ነበረው። ሁለቱም ጥሩ ነበር እንኳ ማለት ይቻላል። የጠፋው መለካት ነው። መለካት ቲዎሪም ፕራክቲካልም አይደለም፣ ወይም ሁለቱም ነው፤ ስለዚህ የማንም ድርሻ ሳይሆን ይቀራል። ክፍሉ «ወርክሾፕ ታዩታላችሁ» ይላል፣ ወርክሾፑ «ሳይት ላይ ትለምዱታላችሁ» ይላል፣ ሳይቱ ደግሞ «መብራቱ በርቶ የለ እንዴ» ይላል።

መብራት መብራቱ ምንም ማረጋገጫ እንዳልሆነ ያየሁት ሥልጠናው ካለቀ በኋላ፣ ተቀጥሬ ነው። አዲሷ አለቃዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሜገሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ለተራ የቤት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ትገፊዋለሽ፣ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማንበብ አለበት፣ ጤነኛ አዲስ ሽቦ ደግሞ ከዛ እጅግ የበለጠ ያነባል። ከመግፋትሽ በፊት አምፖሎቹንና ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ሁሉ አውልቂ፣ አለበለዚያ ታቃጥያቸዋለሽ። አንድ ራሴ የዘረጋሁት መስመር ላይ ሞከርኩት። ሁሉም መብራት ይበራል፣ ማብሪያው ይሠራል፣ ያምራል። ሜገሩ 0.2 ሜጋ ኦም አለ። አንድ በአንድ ቆርጬ ፈለግኩት። የመጨረሻዋን ሳጥን የያዘችው ብሎን ከኋላ ሽቦዋን ነክሳታለች፣ ልባሱን ልትጨርስ ፀጉር የምታህል ቀርቷታል። በወርክሾፑ ሚዛን ቢሆን ያ ሥራ አልፏል፣ ተጨብጭቦለታል። ከስንት ወር በኋላ ግን ሳጥኗ ብረት ስለሆነች የነካት ሰው ነበር የሚነግረን።

ስለ ቅደም ተከተሉም ልበል። 3 ወር ክፍል አስቀምጦ ከዛ 2 ወር ሳይት መላክ የሚባለው ነገር መቅረት አለበት። ጀርመኖቹ ለዚህ ሙያ 3 ዓመት ተኩል ነው የሚሰጡት፣ ተለማማጁ ድርጅት ውስጥ እየሠራ ትምህርት ቤት ይመላለሳል። በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ በዓመት 2000 ሰዓት ሥራና 144 ሰዓት ክፍል ነው፣ ለ4 ወይም ለ5 ዓመት። ሂሳቡን ብትሠሩት ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ለ14 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ገደማ። ግን አይቋረጥም። ዛሬ የሸተተ ሶኬት ያየ ልጅ በሳምንቱ ክፍል ገብቶ ለምን እንደሸተተ ይጠይቃል። እኔ ሶኬቱን ሳይ መምህሩን በስልክ ነው የማገኘው፣ እሱም ደግ ሰው ስለሆነ። በ6 ወር 5 ዓመት ይሙላ አልልም። ግን ያችኑ 6 ወር ሁለት ቀን ክፍል ሦስት ቀን ሥራ ብሎ መከፋፈል ምን ይከብዳል? አስተያየት መስጫው ወረቀት ላይም ይሄንኑ ጽፌያለሁ።

ታዲያ ተመዝገቡ ወይስ አትመዝገቡ? ዓመታት በእጃችሁ ሠርታችሁ ወረቀትና «ለምን»ን የምትፈልጉ ከሆነ፣ የክፍሉን 3 ወር ብቻ መውሰድ ይቻላል፣ ውሰዱት፣ አትቆጩም። ጋሼን ራሱን እዛ ክፍል ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር። ከዜሮ ለምትጀምሩ ደግሞ ሌላ የተሻለ ካላገኛችሁ ግቡ፣ ግን የራሳችሁን ቴስተር ከመጀመሪያው ቀን ግዙ፤ ብዕር የምትመስለዋን ብልጭ የምትለዋን ሳይሆን ሁለት እግር ያለውን፣ የምታምኑትን። ብዕሯ የሌለ ነገር እያሳየች ታስደነግጣለች፣ ያለውንም የምትስትበት ጊዜ አለ። ሌላ ማሠልጠኛ የምታማርጡ ከሆነ ደግሞ ወርክሾፑን አሳዩኝ በሉና መለኪያዎቹን ቁጠሩ። ለስንት ሰው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ሆን ተብሎ የተበላሸ መስመር አለ ወይ በሉ፤ የላላ ማገናኛ፣ የተነከሰ ሽቦ፣ የተጋራ ኒውትራል። «ሁሉም መስመሮቻችን በትክክል ይሠራሉ» ብለው ከኮሩባችሁ ወደ ሚቀጥለው ሂዱ።

የሳይቱ ምደባ ዕድል ነው፣ ስለሱ ብዙ አልልም። አብራኝ የተማረች ልጅ 2 ወሩን ሙሉ ሲሚንቶ ስታቦካ ነው የጨረሰችው። ሰርተፍኬታችን ግን አንድ ዓይነት ነው።

ተጨማሪ፦ ይሄን ጽፌ ከማውጣቴ በፊት ለመምህራችን ላክሁለት፣ ከጀርባው ማማት ስላልፈለግሁ። አልተቆጣም። «ቅዳሜ መጥተሽ ያቺን ኒውትራል ለአዲሶቹ አሳዪያቸው» አለኝ። ሄድኩ። በ12 ቮልት ሁለት አምፖል ኮምፔንሳቶው ላይ ገጥመን፣ አንዱን አውርደን ኒውትራሉን ፈታን፣ ሌላኛው ድርግም አለ፣ የልጆቹ ዓይን ፈጠጠ። ክላምፕ ሜትሬን ከእጅ ወደ እጅ አዞሩት። ከዛ አንዱ ልጅ ሜገር መሞከር እንችላለን ወይ ብሎ ጠየቀ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ቅዳሜ አይገባም። 3 ኮከቡ እዛው ይቆይ።